ኤሊው ላይ የተቀመጠው ሰው

ወላይታ ሶዶ
ግንቦት 14 ቀን 1999 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤልሳዕ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ባሕሩ፣ ነፋሱ፣ እንግዶችህ እንዴት ናቸው? እኛ ጌታ ይመስገን ደኅና ነን። የእማዬን ጉልበት ጠይቀኸኝ ነበር፤ ዳሞታ ላይ ደመና ሲተኛ ያማታል፣ ሲነሣ ይተዋታል። ሰሞኑን አልተነሣም። የላክህላትን ሻሽ ለእሁድ ብቻ ነው የምታስረው። ጎረቤት ሲጠይቃት "ልጄ ከባሕር መሃል ላከልኝ" ትላለች።

ሁለት ወር ሙሉ ያልጻፍኩልህ ተቀይሜህ አይደለም፣ ይቅርታ አድርግልኝ። "አዲሱ አለቃሽ ማነው? ለምን ስሙን ዘለልሽው?" ብለኸኝ ነበር። ቢሮ ውስጥ ስሙን በቀን አሥር ጊዜ እተይበዋለሁ፤ ያ ሥራ ነው። ለአንተ በብዕር መጻፍ ግን አቃተኝ። እንግዲህ ልጻፈው። የቱሪዝም መሥሪያ ቤታችን አዲሱ አለቃ አቶ ደገፉ ነው። አዎ፣ ያው የበዴሳው ደገፉ።

ያኔ አንተ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርክ፤ ግማሹን ትረሳው ይሆናል። እኔ ግን አንድም አልረሳሁም። በበዴሳ ትምህርት ቤት አባባ ርዕሰ መምህር ነው፣ ደገፉ ምክትሉ ነው፤ ማዕዳችን ላይ ያልተቀመጠበት ሳምንት አልነበረም። የሚኒስትሪው ፈተና የታሸገበት ፖስታ ተከፍቶ ተገኘ። ፖስታው የተቀመጠበት የዕቃ ቤት ቁልፍ ደግሞ አባባ ጋ ብቻ ነው ያለው። ያ ሰው አጣሪ ኮሚቴ ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ኢሳይያስ ፖስታውን ሲከፍት በዓይኔ አይቻለሁ" አለ። አባባ ከሥራው ተባረረ። ቤተ ክርስቲያንም ከሽማግሌነቱና ከጌታ እራት አገደችው። ደገፉ ወንበሩን ወረሰ። በሁለት ዓመቱ አባባ ሲሞት መዘምራኑ ከመቃብሩ አጥር ውጭ ቆመው ቀሩ፤ ለታገደ ሰው አይዘመርም ተባለ። አንተ አፈር ስትመልስ እኔ ወደ አጥሩ እያየሁ አሁን ይጀምሩ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ነበር። አልጀመሩም።

እኔ ከአሥራ አንደኛ ክፍል ወጥቼ ታይፕ የተማርኩት አንተ ትምህርትህን እንድትጨርስ ነው። ይህን በአንተ ላይ አልቆጥረውም፣ በደገፉ ላይ ነው የምቆጥረው።

አሁን ስማኝ። ሰኔ ሊገባ ነው፤ በጀት ሳያልቅ ሰኔ ሠላሳ እንዳይመጣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ይራወጣል። ሌላው ወንበር ይገዛል፣ ግድግዳ ያስቀባል። የእኛ አለቃ የልምድ ልውውጥ ጉዞ አወጣ። ለሚሌኒየሙ የአባያን ዳርቻና ደሴቶቹን የቱሪስት መናኸሪያ ልናደርግ ነውና፣ በደሴት የታወቀ አገር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል ተባለ። ቦታውን የመረጠላቸው አባያ ዳር ሎጅ መሥራት የሚፈልግ አንድ ባለሀብት ነው። ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ። ሲሸልስ የሚለው ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ። ቀጥዬ የሆቴሉን ስም ሳይ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። የአንተ ሆቴል ነው ኤልሳዕ! ሰኔ ሰባት ይደርሳሉ፤ አንተ እግሩ ሥር አይደለህም፣ እሱ ነው እጅህ ላይ የሚወድቀው።

ምግቡ ውስጥ ምንም እንዳትጨምር። እንኳን አንተ እኔም አላደርገውም፤ ጤናው ምን ያደርግልኛል። ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ የት እንደተንጋለለ ጻፍልኝ። ፎቶ ካገኘህ ፎቶ። በሐምሌ የዓመቱ ማጠቃለያ ግምገማ አለ፤ ሠራተኛው በሙሉ ይቀመጣል። አባባ በቆመበት ዓይነት ቦታ ሰው ፊት ይቁምና "ዋሽቼ ነው" ይበል። የአባባ ስም ይመለስ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ስልክ አትደውል። የቢሮው ስልክ እኔ ጠረጴዛ ላይ ቢሆንም እሱ በሩን ከፍቶ ነው የሚቀመጠው። ጻፍ።

እህትህ ፋንታዬ


ሲሸልስ
ሰኔ 11 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ ፋንታዬ፣

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስሽ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ደብዳቤሽ ከእነሱ ሦስት ቀን ቀድሞ ደረሰኝ፤ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ይዤው ነው የተቀበልኳቸው።

"እንዴት ያለ ቦታ ነው?" ብለሽ በጠየቅሽኝ ቁጥር ባጭሩ ነበር የምመልስልሽ፤ ዛሬ ስለ እነሱ ለመጻፍ ስል ልንገርሽ። ከዋናው ደሴት ትንሽ ጀልባ ተሳፍረሽ አርባ ደቂቃ ትመጫለሽ። ደሴታችንን በእግር ለመዞር አንድ ሰዓት ይበቃል። ግራጫ ድንጋዮቹ ከቤት ይበልጣሉ፤ ከሥራቸው እንደ ዱቄት የደቀቀ ነጭ አሸዋ ነው። አሥራ ሁለት ቪላ አለ፣ እያንዳንዱ የራሱ መዋኛ፣ የራሱ ዳርቻ፣ የራሱ አገልጋይ አለው። እንግዳ ከእንግዳ ጋር አይተያይም፤ ሰው የሚመጣው ሰው ላለማየት ነው። የሰባተኛው ቪላ አገልጋይ እኔ ነኝ። ደገፉን እዚያ ያስገባሁት ዝርዝሩን የሚያዘጋጀውን ልጅ ለምኜ ነው።

በሰኔ ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ባሕሩ ይቆጣል። የመጡት አራት ሰዎች ናቸው፤ አራቱም በጀልባው ጠርዝ ተንጠልጥለው እያስመለሱ ደረሱ። የእሱን ሻንጣ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ፊቱን አየሁት እትዬ። ሸብቷል። አላወቀኝም። ደረቴ ላይ የተለጠፈው ስም "ኤሊ" ነው የሚለው፣ ፈረንጆቹ ሙሉውን መጥራት ስለሚያስቸግራቸው። "ታንክ ዩ ኤሊ" አለኝ።

እንደ ቃልሽ ሁሉንም ልቁጠርልሽ። ከመድረክ ላይ ጠላ የቀመሰን ሰው ሲያወግዝ የኖረው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በመጀመሪያው ምሳ ነጭ ወይን፣ በሁለተኛው ቀይ ጠጥቷል። የባሕር ጊንጥ የሚመስል ነገር በቅቤ ተጠብሶ ቀርቦለት ጣቱን ልሷል። ጀርባውን በኮኮናት ዘይት ታሽቷል፤ እየታሸ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፍቷል። "የደሴት አስተዳደር" የተባለው ስብሰባ ላይ ማንም አልሄደም። ጉብኝት ያሉት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ኤሊዎቹን። መቶ ዓመት ያለፋቸው ናቸው፣ ከበግ የሚከብዱ። አትንኩ የሚል ጽሑፍ ተተክሏል። እሱ አበባ ያለበት ሸሚዝ ለብሶ፣ የወይን ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ትልቁ ኤሊ ላይ ቁጭ አለ። የሆቴሉ ፎቶ አንሺ አነሣው። አንዱን ቅጂ እዚህ ውስጥ አድርጌልሻለሁ። ኤሊው አንገቱን መልሶ ሲያየው ይታይሻል።

የምታስቂበት ነገር ደግሞ ይኸውልሽ። እኔን በእንግሊዝኛ ያዙኛል፣ እርስ በርሳቸው ሰው እንዳይሰማቸው የሚፈልጉትን በወላይትኛ ያወራሉ። በዚህ ባሕር ውስጥ የወላይታ ልጅ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል! ዳና የሚባለው ምክትሉ "ሪፖርቱን እንዴት እናድርገው?" ሲለው "ሶዶ ተጽፎ አልቋል፣ የቀረው የኤሊዎቹ ቁጥር ነው" አለው። ቡና እየቀዳሁላቸው ነበር።

ያ ሰው ኮሚቴ ፊት ለምን እንደዚያ ዓይነት ውሸት እንደዋሸ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ፍራፍሬ ሲበላ ለምን እንደሆነ ልጠይቀው አፌ ድረስ መጣ፣ ዋጥኩት። ነገ ይሄዳሉ። በርቺ። ያሰብሽውን አድርጊ።

ወንድምሽ ኤልሳዕ


ሲሸልስ
ሰኔ 28 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ ፋንታዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህ አጭር ነው፣ ይቅርታ።

ፎቶውን ቅደጂው። ግምገማው ላይ ምንም አትናገሪ፤ የጻፍኩልሽንም እንዳልጻፍኩት ቁጠሪው። ለምን እንደምል አትጠይቂኝ። ሰውየው አውቆኛል። ሲሄዱ ጀልባው ጋ ተነጋገርን። ስለ አባባ የነገረኝ ነገር አለ፣ በደብዳቤ የሚጻፍ ግን አልሆነልኝም። ይህን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ስልኩንም ሦስት ጊዜ አንሥቼ መለስኩት።

እዚህ ጎጆ የማይሠራ ነጭ ወፍ አለ። ዕንቁላሉን ባዶ ቅርንጫፍ ላይ ጥሎ ዕድሉን ይጠብቃል። ዛሬ ከቪላው ደጅ ያለው በነፋስ ወደቀ። ለምን እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

እማዬን ሳሚልኝ። ቅደጂው በጌታ።

ኤልሳዕ


ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 15 ቀን 1999 ዓ.ም.

የእናቴ ልጅ ኤልሳዕ፣

እልልልል! በወረቀት አይሰማም እንጂ እልል እያልኩ ነው የምጽፍልህ። አንጀቴን አራስከው፣ ጌታ አንጀትህን ያርሰው። ደብዳቤህና ፎቶው በሐምሌ ሦስት ደረሱኝ፤ ግምገማው ዐሥራ አንድ ላይ ነበር። እነዚያን ስምንት ቀናት ፎቶውን ብብቴ ሥር ይዤ ነው ቢሮ የዋልኩት። እሱ "ፋንታዬ፣ ይህን አስተካክዪ" ሲለኝ "እሺ ጌታዬ" እላለሁ፣ ኤሊው ብብቴ ሥር ነው።

"እንዴት ነበር?" እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሙሉውን መጻፍ አልችልም፣ ሌላ ጊዜ ቁጭ ብለን። ሪፖርቱን የተየብኩት እኔ ስለሆንኩ የኤሊዎቹ ቁጥር ላይ የተተወውን ባዶ ቦታ አውቀዋለሁ። ሲያነብብ እዚያ ላይ ሲደርስ እጄን አወጣሁ። ታይፒስት እጇን ስታወጣ ያን ቀን አዩ። ከዚያ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ሐመልማል የምትባለው ገንዘብ ያዣችን ከሳቋ የተነሣ ወንበሯን ይዛ ቆመች። "ምን ልምድ አመጣህ?" ተባለ። ግለ ሂስ አድርግ ተባለ። ወይኑን አመነ፣ መታሸቱን አመነ፣ ኤሊውን አመነ። አንዱንም አልካደም። ከኃላፊነቱ ተነሥቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም እየጠየቀችው ነው።

ግን ግማሽ ድል ነው ኤልሳዕ፣ እንቅልፍ የሚነሣኝም እሱ ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ ተነሥቼ "በሰማንያ ሰባት በዴሳ ላይ በመምህር ኢሳይያስ ላይ የመሰከርከው ውሸት ነው አይደለም?" አልኩት። "አንተ" ብዬ ነው የጠራሁት፣ በሠራተኛው ፊት። ዝም አለ። ወይኑን ያመነ ሰው ዝም አለ። ቀና ብሎ አየኝና "መስክሬአለሁ" አለ፤ ሌላ ቃል አልተነፈሰም። "ዋሽቼ ነው" ቢል ምን ነበረበት፣ ከዚህ በላይ የሚያጣው ምን አለው? ይህ ሰው ያቺን ቃል ምን ብሎ ነው እንዲህ አጥብቆ የያዛት?

አልለቀውም። በመስከረም ጊፋታ ነው። በዘመን መለወጫችን ቂም ይዞ የሚሻገር የለም፤ የተጣላ ሁሉ በሽማግሌ ይታረቃል። ግዱን ሽማግሌ ይልክብኛል። ያኔ የእርቁ ዋጋ ያቺ ቃል ናት፤ ካላላት እጄን አልሰጠውም። በሬን ዘግቼ ለብቻዬ ጊፋታን እሻገራለሁ።

እማዬ ከግምገማው ወዲህ አታናግረኝም። ስነግራት ፊቷን አዙራ "ምነው ዝም ብትዪ" አለች። እርጅና ነው መሰለኝ። ድሮም የደገፉን ሚስት ገበያ ላይ ስታገኝ እጇን ይዛ ሰላም የምትለው እሷ ናት፣ እኔ በሌላ መንገድ ስዞር።

አንተ ግን በርታ። ያለ አንተ ይህ አይሆንም ነበር።

እህትህ ፋንታዬ


ወላይታ ሶዶ
ሐምሌ 22 ቀን 1999 ዓ.ም.

ኤልሳዕ፣

"ቅደጂው" የምትለው ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ምኑን ልቅደድ? ፎቶው አሁን በየቢሮው ተባዝቷል፤ በዴሳ ሁሉ ደርሷል፣ በሞተር ሳይክል የሚያመላልሱት ልጆች ሳይቀሩ "ኤሊው" እያሉ ይጠሩታል። ሰውየው በጓሮ በር ነው የሚወጣው።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት የተነገረህን ሰኔ ሃያ ስምንት መጻፍህ ምን ማለት ነው? ስልክ አትደውል ያልኩህ እንዳይሰማብን እንጂ እንዲህ ላለ ነገር አይደለም። ምን ብሎ አታለለህ? እግርህ ላይ ወድቆ አለቀሰ? አዘንክለት? በአባባ ላይ አፈር ሲመለስ ማን አዘነልን?

የነገረህን ጻፍ። ወፍ አትጻፍልኝ።

ፋንታዬ


ሲሸልስ
ነሐሴ 25 ቀን 1999 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ አልልም፤ ይቅርታ የምለምንበት ሌላ ነገር አለኝና ለእሱ ላስቀምጠው።

ሰኔ ዐሥራ ሁለት ጠዋት ጀልባው ጋ ሸኘኋቸው። ባሕሩ ጀልባውን ያንገላታው ነበር። ደገፉ እግሩን ሲያነሣ ጀልባው ሸሸ፣ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዤ ሳላስበው በወላይትኛ "ተጠንቀቅ" አልኩት። አፈጠጠብኝ። ሌሎቹ ተሳፍረው ነበር። "የማን ልጅ ነህ?" አለኝ። "የኢሳይያስ" አልኩት። ይህን ስል ፊቱ እንዲደነግጥ ነበር የፈለግኩት። አልደነገጠም፣ እንባ ሞላበት። "አንተ ነህ ያኔ ወረቀቱን ሸሚዝህ ውስጥ ከትተህ የወጣኸው" አለኝ።

እውነት ነው እትዬ። ፖስታውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

አባባ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ በመጽሐፍ ቅዱሱ የዚፕ ሽፋን ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው። ጓሮ እግሩን ሲታጠብ አወጣሁት። ሒሳብ ፈርቼ ነበር፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም። አንድ ወረቀት ወስጄ ቁልፉን መለስኩ። ስወጣ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። ከዚያ ነገሩ ሲፈነዳ፣ ደገፉ "ኢሳይያስን አይቻለሁ" ሲል፣ ውሸት መሆኑን ከሁላችሁም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ዝም አልኩ። ሲያባርሩት ዝም አልኩ። አንቺ ደብተርሽን ሳጥን ውስጥ ስትከቺ አጠገብሽ ቆሜ ዝም አልኩ። ደገፉን ከአንቺ የበለጠ ጠላሁት፤ እሱን ስጠላ ራሴን አላይም ነበርና።

ደገፉ የነገረኝ ይህ ነው። ያየው እኔን ነው። ለኮሚቴው ከመናገሩ በፊት ወደ አባባ ሄዶ ነገረው። አባባ አሰበና "ልጁን ከተናገርክ ከትምህርት ዓለም ይባረራል፣ ገና ምንም አልኖረም። እኔ ኖሬአለሁ። እኔን አይቻለሁ በል" አለው። ደገፉ ሦስት ቀን እምቢ አለ። በአራተኛው አባባ ቤቱ ድረስ ሄዶ ለመነው፣ ለማንም ላይናገር ቃል አስገባው። ወንበሩን ለምን እንደያዘ ጠየቅኩት፤ "ሌላ ሰው ተሹሞ ነገሩን እንዳይቆፍረው ብዬ ነው" አለኝ። ግማሹ እውነት ይመስለኛል፣ ግማሹን አላውቅም። ቅዱስ ሰው ነው አልልሽም፤ ወይኑንም ኤሊውንም አይቻለሁ። ቃሉን ግን አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቋል። አንቺ ግምገማው ላይ ስትጠይቂው ዝም ያለው ለዚህ ነው።

ሌላ ነገር ልንገርሽና ልጨርስ። የፈተናው ዕለት ጠዋት አባባ እርሳሴን ቀርጾ ሰጠኝ። ሁለት እርሳስ፣ በሁለቱም በኩል። "አትቸኩል" አለኝ። ምንም የማያውቅ መስሎኝ ተቀብዬው ሄድኩ። ፈተናው ተለውጦ ሌላ ነበር የመጣው፤ የሰረቅኩት ለምንም አልጠቀመኝም። በራሴ አለፍኩ።

ይቅር በዪኝ። እግርሽ ላይ ነኝ። ግን እለምንሻለሁ፣ ነገሩ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። እማዬ ከሰማች ትሞታለች። አባባም የፈለገው ይህንኑ ነው፣ ስሙን ሰጥቶ እኔን ደበቀኝ። አሁን ብንናገረው መሥዋዕትነቱን ማፍረስ ነው። ለደገፉ በስውር ሰው ልኬ እክሰዋለሁ። ሆድ ይፍጀው።

ወንድምሽ ነኝ ማለት ከቻልኩ፣
ኤልሳዕ


ወላይታ ሶዶ
መስከረም 21 ቀን 2000 ዓ.ም.

ኤልሳዕ፣

እንደምን ነህ አልልህም። የደኅንነትህን ነገር አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሲያስብልህ ኖሯል።

ደብዳቤህ በዓል ስለሆነ ፖስታ ቤት ተኝቶ፣ ሐሙስ መስከረም ዐሥራ ስድስት ደረሰኝ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ የድሮ ደብተሮቼን ሳጥን ከፈትኩ፤ የአሥራ አንደኛ ክፍል ፊዚክስ፣ እስከ መካከሉ ብቻ የተጻፈ። ይህን ልነግርህ አላሰብኩም ነበር፣ ግን እወቀው። በአንተ ላይ አልቆጥረውም ብዬህ ነበር። አሁን ቆጥሬዋለሁ።

በማግስቱ ዓርብ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አፈ ጉባኤያቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ አቶ ብርሃኔ ናቸው። ደገፉ ከኋላቸው ቆሟል፣ ከስቷል፣ ኮቱ ሰፍቶታል። "ጊፋታ ደርሷል፣ ቂም ተይዞ አይታለፍም" አሉ። እንዳቀድኩት ዋጋዬን ተናገርኩ። ያቺን ቃል አልኩ። አፌ ከልማዱ የተነሣ ነው የተናገረው፣ ደብዳቤህ ጡቴ ሥር ነበር።

እሱ ምን እንዳደረገ ታውቃለህ? ባርኔጣውን አውልቆ "ዋሽቼ ነው። ኢሳይያስ ፖስታውን ሲከፍት አላየሁም። ስለ ወንበሩ ብዬ ነው የመሰከርኩበት" አለ። አቶ ብርሃኔ "ታዲያ ማን ከፈተው?" ሲሉት "አላውቅም" አለ።

አሥራ ሁለት ዓመት የለመንኩት ነገር በሰሃን ቀረበልኝ። ዝም ብል አባባ ነጻ ነው፣ አንተ ነጻ ነህ፣ ደገፉ ለዘላለም ጠፍቷል። በቀሌ ሙሉ ነው። ዝም ማለት ቀላል ነው፤ ቤተሰባችን ዝም ማለት ያውቅበታል። ቀና ስል ግን አባባ እንዳመነው ሰው አድርጌ አየሁትና አፈርኩ። ንዴቴ አልበረደም፤ ፊቱን ብቻ አዞረ፣ ወደ አንተ።

"ማን እንደከፈተው እኔ አውቃለሁ" አልኩ። ደብዳቤውን ሳወጣ ደገፉ "ተይ ልጄ" አለ። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩን ተደገፈችና "አንብቢው" አለች። አነበብኩት፣ ከእርሳሱ በቀር። እርሳሱ ጋ ስደርስ ወረቀቱን ለአቶ ብርሃኔ ሰጠኋቸው፣ እሳቸው ጨረሱት።

እማዬ አልሞተችም። ታውቅ ነበር። አባባ ሲያጣጥር ነግሯታል። በየዓመቱ ጊፋታ የእንሰቱን ምግብ፣ ሙቹዋን፣ በቅቤ አሽታ ለደገፉ ቤት በጓሮ በር ስትልክ እንደኖረች ያን ዕለት ነው የሰማሁት። ለእኔ አልነገረችም፤ ብትነግረኝ እንደማልምርህ ታውቃለች። ልክ ናት።

የደገፉን እጅ ይዤ ይቅርታ ጠየቅኩት፣ ጉልበቱን ስሜ። ለኤሊው ግን አልጠየቅኩትም፤ ኤሊው ላይ የተቀመጠው እሱ ራሱ ነው። እንዲህ ስለው ሳቀ። እሱን ተከትላ የመጣችው ሚስቱ ከሐምሌ ወዲህ ሲስቅ ይህ የመጀመሪያው ነው አለች። እሁድ ጊፋታን አብረን በላን።

ዋናው ይኸውልህ። ሽማግሌዎቹ መከሩበት። በደብዳቤ ብቻ እገዳ አይነሣም፤ ያደረገው ሰው በአካል ቆሞ፣ በጉባኤ ፊት፣ በአፉ ይናገር አሉ። ከተናገርክ አባባ ወደ መዝገቡ ይመለሳል፣ መዘምራኑም መቃብሩ ላይ መጥተው ያኔ የቀረውን ይዘምራሉ። ካልመጣህ አይዘምሩም። አባባ ስሙን የሰጠህ እስክታድግ ነው፣ አንተ አድገህ ሰባተኛ ቪላ ላይ ፎጣ እያጠፍክ ነው። "መሥዋዕትነቱን ማፍረስ" አትበለኝ፤ ያንን ለራስህ የጻፍከው ነው። ሆድ አይፈጀውም፣ የእኔ ሆድ ሞልቷል።

አልማርኩህም። እምርህ እንደሆነም አላውቅም። ስትመጣ ቤታችን ትገባለህ፣ እማዬ ታበላሃለች፣ እኔ ፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን መዝሙሩን ከሰማሁ በኋላ አስብበታለሁ።

እንዳትረሳው ብዬ ቢሮ ገብቼ እንደ ወጉ ተየብኩልህ። ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ፋንታዬ


ለአቶ ኤልሳዕ ኢሳይያስ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የአባት ስም እንዲመልሱ ስለመጠየቅ

በ1987 ዓ.ም. በበዴሳ የፈተናውን ፖስታ የከፈቱት እርስዎ መሆንዎን ነሐሴ 25 ቀን 1999 ዓ.ም. በእጅዎ በጻፉት ደብዳቤ አረጋግጠዋል። በዚሁ ምክንያት አባትዎ መምህር ኢሳይያስ ከሥራቸው ተባረው፣ ከጌታ እራት ታግደው፣ ያለ መዝሙር ተቀብረዋል።

ስለሆነም ከሚቀጥለው ጊፋታ አስቀድሞ በአካል ቀርበው፣ ከላይ የተጻፈውን በጉባኤ ፊት በራስዎ አንደበት እንዲያነብቡ እናሳስባለን። ሥራ በዝቶብኛል፣ ባሕሩ ተቆጥቷል የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም።

ሰላምታው ሲመጡ ይሰጣል።

ፋንታዬ ኢሳይያስ
ታይፒስት

ግልባጭ፦
ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች
ለአቶ ደገፉ
ለእናታችን፣ በቃል ተነግሯታል
ለአባባ፣ መቃብሩ ላይ ቆመህ የምታነብለት አንተ ነህ